ሰባት ቤት የተቆጠረላት ድመት

ለንደንም ሆነ ዋሽንግተን የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ዘሯ የታወቀ ድመት ልትገዙ ነው ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የመንደር ድመትማ ምን ይደረግላታል? ሥራዋ አይጥ መያዝ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምስክር ወረቀት የሚጽፍ የለም።

ለሐበሻ ልብ የምትቀርበው መቼም አቢሲኒያን የምትባለዋ ናት። መቅደላ በወደቀበት በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዘውዱን፣ ታቦቱንና ብራናውን ጭኖ ሲመለስ «ዙላ» የምትባል ድመትም አብራ ሄደች ይባላል። ጎርደን ስቴብልስ በ1874 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሏ አለ፤ የዛሬዋን እምብዛም አትመስልም። የዘረመል ተመራማሪዎች ደግሞ የዝርያዋን መነሻ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይወስዱታል። የመቅደላ ቅርስ ይመለስ ብለው የሚሟገቱ ሰዎች ስለ ድመቷ ትንፍሽ አለማለታቸው ብልህነት ነው። ብትመለስስ መታወቂያ የሚሰጣት የትኛው ቀበሌ ነው?

ይህ ሁሉ ግን አያሳስባችሁ፤ ዋናው ወረቀቱ ነው። የዘር ሐረጉ ላይ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት በተርታ ተጽፈዋል። አንዱ ስም በአባትም በእናትም ወገን ተደጋግሞ ብታዩ እንዳትደነግጡ። እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ የድመት አርቢዎች ዘንድ የሚቆጠረው በውድድር ዋንጫ የበላችው አያት በሁለቱም በኩል መኖሯ እንዲረጋገጥ ነው። በዚህች ዝርያ ውስጥ ቀይ የደም ሴልን ያለ ዕድሜው የሚያፈርስ የፒኬ ኢንዛይም እጥረትና ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የሬቲና በሽታ አሉ። ሁለቱም ከእናትም ከአባትም ሲወረሱ የሚገለጡ ናቸው፤ ጤነኛ የሚመስሉ ሁለት ተሸካሚዎች ከተገናኙ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ይህን ለማወቅ የወላጆቹን ጉንጭ በውስጥ በኩል በጥጥ ጠረግ አድርጎ ላቦራቶሪ መላክ ይበቃል። ግን እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት ገብቶ «አባትየውን አስመርምራችሁታል?» ማለት ምን ዓይነት ጋጠ ወጥነት ነው!

ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚገላግላችሁ በስልክ የሚሸጠው ሰው ነው። ፎቶ ይልካል፤ ቀብድ ይቀበላል፤ ከዚያ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ላይ ይቀጥራችኋል። የመኪናውን ዕቃ መጫኛ ከፍቶ ከካርቶን ውስጥ ያወጣታል፤ ዓይኗ ሥር እርጥብ ብሏል፤ የእጁ መዳፍ ተርፏት ትቀመጣለች። «ስንት ጊዜዋ ነው?» ስትሉት «ስምንት ሳምንት አልፏታል» ይላል፤ የብሪታንያው የድመት መዝገብ አካል ጂሲሲኤፍ 13 ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትለይ ማለቱን አልሰማም። «እናቷስ?» «እህቴ ቤት ናት።» እንግሊዝ ውስጥ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስድስት ወር በታች ያለች ድመት በደላላ እንዳትሸጥ፣ ገዢም ከእናቷ ጋር በተወለደችበት ቦታ እንዲያያት ሕግ ወጥቷል። እናንተ ግን ሕግ ጠቃሽ አትሁኑ፤ ሰውየው ይቸኩላል።

አቢሲኒያኗ ካልጣመቻችሁ ጆሮዋ የታጠፈው የስኮትላንድ ዝርያ አለችላችሁ። ጆሮዋን ያጠፈው የልም አጥንት ጉድለት መገጣጠሚያዋንም ያሳምማታል፤ ጂሲሲኤፍም እሷን መመዝገብ ካቆመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ፎቶ ላይ ግን እንዴት ታምራለች!

አጥብቃችሁ ልትሸሹ የሚገባችሁ ሴትዮዋን ነው፤ ቤቷ ጠርታ፣ እናትየውን አሳይታ፣ የምርመራ ውጤቱን ጠረጴዛ ላይ የምትዘረጋዋን። መጀመሪያ የምትጠይቀው እናንተን ነው፤ ቤቱ የኪራይ ነው ወይ፣ ቀን ቀን ማን አለ፣ ከዚህ በፊት የነበረችው ድመት በምን ሞተች። ልጇን ልትድር እንጂ ድመት ልትሸጥ አትመስልም። ወራት ታስጠብቃችኋለች፤ የማምከን ውል ታስፈርማለች፤ ማሳደግ ካቃታችሁ ለእኔ መልሱ ትላለች። ገንዘብ ከፍሎ ይህን ሁሉ ምርመራ ማን ይችላል?

የመኪና ማቆሚያው ሰው እንደዚህ አይደለም፤ አንድም ነገር አይጠይቃችሁም። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ድመቷ ከወንበር እግር ጋር መጋጨት ስትጀምር ብትደውሉለት ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ወረቀቱን ግን ማንም አይወስድባችሁም። ጥሩ ክፈፍ አሠርታችሁ ሳሎን ስቀሉት፤ ከድመቷ በቀር ሁሉም ያየዋል።