ጉዳዩ፦ የስምጥ ሸለቆ ሰማይ ለሰውም እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ባለሥልጣኑ ከቢሾፍቱ እስከ መተሐራ፣ ከሞጆም እስከ ሻሸመኔ የተዘረጋውን የኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ ሰማይ ከመንገደኛ ጠብቆ እዚህ ስላደረሰ ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ይገባዋል። ከ1992 እስከ 1997 ዓ.ም. የክልል ርእሰ ከተማ የነበረችው አዳማ መደበኛ የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነጌሌና ሻሸመኔም እንደዚሁ ናቸው። በዚህም የተነሣ በአካባቢው ሰማይ እንደ ልቡ የሚመላለሰው በዝዋይ ሐይቅ ዳር የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ ውሎ የሚነሣው አባ ኮዳና ከሻላ ወደ አብያታ የሚሻገረው ፔሊካን ሲሆን፣ ሁለቱም የበረራ ፈቃድ ጠይቀው፣ ደጅ ጠንተውም አያውቁም።

የዚህ ማመልከቻ ፍሬ ነገር ትንሽ አውሮፕላን ስለመከራየትና ስለመግዛት ነው። ቻርተር የሚባለው አንድን አውሮፕላን ከነአብራሪው፣ ወንበር በወንበር ሳይሆን በሙሉ፣ ለአንድ ጉዞ መከራየት ሲሆን፣ የአዳማ ባጃጅ ነጂ «ኮንትራት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ባጃጁ የሚነሣው ተሳፋሪው ከቆመበት፣ አውሮፕላኑ ግን የሚነሣው ከቦሌ መሆኑ ነው። አቢሲንያን የበረራ አገልግሎትንና ናሽናል ኤርዌይስን የመሳሰሉት የግል ኩባንያዎች መቀመጫቸውን ያደረጉት እዚያው ቦሌ ነው፤ ሌላ ምን አማራጭ አላቸው? ስለዚህ ወደ ባሌ ሮቤ በአየር ሊሄድ የተነሣ የአዳማ ነጋዴ በመጀመሪያ ፊቱን ወደ ተቃራኒው አዙሮ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይጓዛል፣ የፍጥነት መንገዱን ሲጨርስ ይከፍላል፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ያለውን የመኪና ሰልፍ ይታገሣል፣ ቦሌ ሲደርስ ለፍተሻ ቀበቶውን ፈትቶ በሣጥን ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ ይሳፈራል። ከቦሌ ወደ ሮቤ የሚሰመረው ቀጥታ መስመር በቆቃ ሐይቅ አካባቢ ስለሚያልፍ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነና ነጋዴው ግራ መስኮት ከደረሰው፣ ማለዳ ቁርሱን የበላበትን ከተማ ቁልቁል ይመለከታል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትጓዝ አውሮፕላን ሩብ ሰዓት በሚያህል ጊዜ ወደ ቤቱ አቅራቢያ መልሳዋለች፤ ማረፍ ግን አይቻልም።

ሕጉ ትንሽ አውሮፕላንን ጠልቷል ለማለት አይቻልም። ቀደም ሲል የነበረው የኢንቨስትመንት ሕግ ከ20 መቀመጫ በላይ ባለው አውሮፕላን መንገደኛ ማጓጓዝን ለመንግሥት ብቻ ሲከልል፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 769 ገደቡን ወደ 50 መቀመጫ ከፍ አደረገው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 474 ደግሞ የውጭ ባለሀብት ከአገሬው ባለሀብት ጋር በሽርክና ወደ አገር ውስጥ የአየር ትራንስፖርት እንዲገባ በሩን ከፈተ። ወንበሩ በጥንቃቄ ተቆጥሯል፤ በወንበሩ ላይ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ዜግነትም ተመርምሯል። አውሮፕላኗ የት ትረፍ የሚለው ጥያቄ ግን ምናልባት እጅግ ተራ ስለሆነ ሕግ አውጪዎቹን አላስጨነቀም።

የአገሪቱ የበረራ ታሪክ ራሱ የሚመሰክረው የትንሽ አውሮፕላንና የሜዳ ታሪክ መሆኑን ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ፖቴዝ 25 ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ ስትደርስ የጠበቃት ገላጣ መሬት እንጂ ተርሚናል አልነበረም። «ፀሐይ» የተባለችው ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በርራለች፤ ጣሊያኖች ወስደው በሙዚየም ካቆዩዋት በኋላም በጥር 2016 ዓ.ም. በክብር ተመልሳለች። ትንሽ አውሮፕላን በዚህ አገር ክብር የምታገኘው መብረር ካቆመች በኋላ ነው የሚሉ ክፉ አንደበቶች ቢኖሩ፣ አመልካቾቹ በዚህ አይስማሙም፤ በይፋ አይስማሙም። ከስምጥ ሸለቆው ከተሞች አንዷ በሆነችው በቢሾፍቱ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን ሲያደራጁ ሰልጣኞቹ ክንፋቸውን ያፍታቱት ሳብ ሳፊር በተባለች ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ሲሆን፣ እኚሁ ሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ በደረሰው ድርቅ ጊዜ መኪና በማይገባበት ስፍራ በትንንሽ አውሮፕላኖች እህል ከአየር ጥለዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖችም በየአውራጃው ሣር ላይ ሲያርፉ ኖረዋል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ራሱ የገጣጠማት «እሸት» ደግሞ የተዘጋጀችው ለእርሻ መድኃኒት ርጭት ነበር። ይህ የመጨረሻው ነገር ሊጤን ይገባዋል፤ የእርሻ ተባይ አውሮፕላን በደጁ ድረስ ከመጣለት ዘመን ጀምሮ የስምጥ ሸለቆው ነዋሪ ተራውን ሲጠብቅ ቆይቷል ማለት ነው።

ባለሥልጣኑ የቴክኒክ ምክንያት እንዳይቸግረው በማሰብ ሊነሡ የሚችሉት ተቃውሞዎች እዚህ አስቀድመው ተመርምረዋል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። አየር ከፍታም ሙቀትም ሲጨምር ይሳሳል፤ በሳሳ አየር ውስጥ ክንፍ የሚደገፍበት፣ ሞተርም የሚተነፍሰው ስለሚያጥረው አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። አብራሪዎች ይህን የሚለኩት የእፍግታ ከፍታ ሊባል በሚችል ቁጥር ሲሆን፣ ትርጉሙም ሜዳው በካርታ ላይ ያለውን ሳይሆን አውሮፕላኑ የሚሰማውን ከፍታ የሚነግር መለኪያ ነው። አዳማ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ በደረሰበት ቀትር ለአውሮፕላኗ 2,600 ሜትር አካባቢ ያለች ያህል ትሆንባታለች። ቁጥሩ የሚያስፈራ ይመስላል፤ ነገር ግን 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ያለው ቦሌ 20 ዲግሪ በሆነ ለስላሳ ቀን እንኳ በዚሁ ስሌት 3,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። በአጭሩ አዳማ በሐሩሯ ሰዓት፣ ለመነሣት፣ ከቦሌ ትሻላለች።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። የአዳማ አንደኛና ሁለተኛ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 136 ተርባይኖችና 204 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው መሆኑ እዚያ ነፋስ አለመጥፋቱን ያረጋግጣል። ይሁንና አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም በነፋስ ፊት ለፊት እንዲሆን ስለሚመረጥ፣ የሜዳው አቅጣጫ ነፋሱን ተከትሎ ከተቀየሰና ተርባይኖቹ ከቆሙባቸው ኮረብታዎች ከራቀ፣ ነፋሱ መንደርደሪያ ያሳጥራል እንጂ አያስረዝምም። አስቸጋሪው ወደ ጎን የሚመታው ሲሆን፣ እሱን መለካት የሚጀመረው ሜዳ ለመሥራት ሐሳብ ሲኖር ነው። ሦስተኛው የወፍ ግጭት ነው፤ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፔሊካን ከአውሮፕላን ጋር ሲገናኝ ሁለቱንም እንደሚጎዳ አይካድም። ግን እነዚሁ ወፎች የሐዋሳን ሐይቅ ስለማያውቁት አይደለም በሐዋሳ አውሮፕላን የሚያርፈው።

ፍትሕ እንዳይጓደል ስለ ገዢውም ጥቂት መባል አለበት። በአዳማ፣ ጥሩ ሆቴል ካቆመና ልጆቹን ውጭ ካስተማረ በኋላ ምን ይቀረኛል ብሎ የሚያስብ ባለሀብት ሴስና ካራቫን ቢመኝ አያስወቅሰውም። ካራቫን በአንድ የተርባይን ሞተር የምትሠራ፣ እንደ ወንበር አደራደሯ ዘጠኝና ከዚያ በላይ ሰው የምትይዝ፣ በጠጠር ሜዳም የምታርፍ አውሮፕላን ስትሆን፣ የምትጠጣው ትልቁ ጄት የሚጠጣውን ነዳጅ መሆኑ ይጠቅማታል፤ ከእሷ የሚያንሱት ባለፒስተን አውሮፕላኖች የሚፈልጉት የአቪዬሽን ቤንዚን በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደ ልብ አይገኝም። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል ነገሩ ስለ መኪና ብቻ ስለነበር፣ ባለሀብቱ ሕግ አክባሪ ሆኖ በነዳጅ መሄድ ከፈለገ የቀረው መንገድ መብረር ነው። ለአዲስ ካራቫን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ፣ ይከፍላል፤ አብራሪ ይቀጥራል፤ መድን ይገባል፤ በየተወሰነው የበረራ ሰዓት ሞተሯን ያስመረምራል። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ንብረቱን ማየት ሲያምረው በመኪና ቦሌ ድረስ ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለእሱ ተረት ሳይሆን የንብረት መዝገብ ነው።

አመልካቾቹ ግን አንድ ነገር አይሸሽጉም። ከአዲስ አበባ አዳማ በትንሽ አውሮፕላን መመላለስ ብልግና ነው፤ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የፍጥነት መንገዱ አለ፣ የጅቡቲው ባቡርም አዳማ ላይ ይቆማል። ሜዳው በተመረቀ ማግስት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን «የወጪ ቅነሳ ስልጠና» ብለው በቻርተር ወደ አዳማ እንዳያመጡ፣ የአየር ላይ አበል የሚባል አዲስ መደብም እንዳይፈጠር፣ ባለሥልጣኑ ከአሁኑ መመሪያ ቢያወጣ መልካም ነው። የትንሽ አውሮፕላን ጥቅሙ ሸለቆውን ርዝመቱን ተከትሎ በመሄድ ሳይሆን ግራና ቀኙን በመሻገር ላይ ነው፤ ከአዳማ ጅማ፣ ከባቱ ሮቤ፣ ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቁ ቆላ፤ ደግሞም ከመተሐራ በኩል ጎማ ፈንድቶ መኪና በተገለበጠ ጊዜ የተጎዳውን ሰው ወደ ሆስፒታል ማድረስ። ለእነዚህ ጉዞዎች መንገዱ ወይ ተራራ ይዞራል፣ ወይ በቦሌ ይዞራል።

በጥር 2018 ዓ.ም. ከቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው አውሮፕላን ማረፊያ 12.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ፣ አራት መንደርደሪያ እንደሚኖረውና ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንደሚያስተናግድ ተነግሯል። ከአዳማ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ የሚቆም በመሆኑ ጎረቤቶቹ ደስ ብሏቸዋል። የእነሱ ልመና ትንሽ ነው፤ በዚያ ሁሉ አስፋልት ዳር ለካራቫን የምትበቃ አንድ ጥግ፣ ከአዳማና ከሻሸመኔ አጠገብም ከብት የማይገባበት፣ ነፋስ ጠቋሚ ጨርቅ የተሰቀለበት፣ ከ1,200 እስከ 1,500 ሜትር የሚደርስ የተጠቀጠቀ ጠጠር ሜዳ፣ አንድ ዘበኛና አንድ የእሳት አደጋ መኪና። ተርሚናል አልተጠየቀም። ሪባን የሚቆረጥበት በዓል የግድ ከሆነ፣ አመልካቾቹ መቀሱን ይዘው ይመጣሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
ቦሌ ደርሰው የሚመለሱ የስምጥ ሸለቆ መንገደኞች

ግልባጭ፦
ለአዳማ ከተማ አስተዳደር፤ መሬቱ ለሪል እስቴት ሳይሸነሸን እንዲያስብበት
ለኢትዮጵያ የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ፤ ጥቂት ደንበኞች ሊጎድሉበት ስለሚችሉ አስቀድሞ እንዲያውቀው