ራእይ በሠላሳ ሰከንድ

የማስታወቂያ ዳይሬክተር ቦሌ ላይ ደንበኛ ፊት ሲቀመጥ ራእይ አያጣም። ራእዩም ባብዛኛው ላሊበላ ነው። የሚሸጠው ባንክም ይሁን ፓስታ፣ ጎህ ሲቀድ ድሮን ቤተ ጊዮርጊስ አናት ላይ ያንዣብባል፣ ዋሽንት ይንቆረቆራል፣ ጋቢ የለበሱ አባት ሩቅ ያያሉ። ምን እንደሚያዩ ራእዩ አይናገርም።

ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ቤተ ጊዮርጊስ ለምን ተመረጠ ቢሉ፣ ከለላ ስላልተሠራለት ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ዝናብ እንዳይበላቸው በ2000 ዓ.ም. ግድም የብረት ከለላ ተተክሎላቸዋል። ከዝናብ የዳነ ቅርስ ለካሜራ አይመችም።

በጀት ላይ ሲደረስማ ራእዩ ይበልጥ ያምራል። የገና ዕለት እዚያው ላሊበላ ማሜ ጋራ ላይ ቤዛ ኩሉ የሚሉት ካህናትና ነጠላ ለባሹ ምእመን የአልባሳት ወጪ የለባቸው፣ የተዋናይ አበል አይጠይቁ!

ነገ አንዱ ለሲሚንቶ ፋብሪካ «እንደ ላሊበላ ጽኑ» ብሎ ቢያቀርብም አይገርመኝም። ከአንድ ዐለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ፣ አንድ አካፋ ሲሚንቶ ሳይቦካለት 800 ዓመት ገደማ የቆመ ሕንፃ ለሲሚንቶ ሻጭ ምስክር ይቆማል።

ደንበኛውስ? አጨብጭቦ ሲያበቃ ጥቂት ማሻሻያ ይጠይቃል፤ አርማው ይጉላ፣ ዋሽንቱ ይፍጠን። ወተት ሻጭ ከሆነ ደግሞ፣ አባ በገና ዋዜማ ብርጭቋቸውን ጭልጥ ያድርጉ።