ተነሺና ወራጅ

«ውርደት» ከ«ወረደ» የወጣ ቃል ነው። ክብር ከፍታ ላይ ይቀመጣል፤ የተዋረደ ሰው ከዚያ ወርዷል። ሆኖም በቡራዩ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ብሎ የሚጮህ መንገደኛ ክብሩን ሲያጣ ታይቶ አይታወቅም፤ መልሱን ካላጣ በስተቀር።

መልክዓ ምድሩም ለቃሉ አይመቸውም። ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው ሱሉልታ ከመሃል አዲስ አበባ ከፍ ትላለች፤ ስመ ጥር ሯጮች ለሜዳሊያ የሚዘጋጁትም እዚያ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞችን ያጣመረው ሸገር ከተማ ሲመሠረት ግን ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከከተማነት ወደ ክፍለ ከተማነት ዞሩ። ይህንን የቢሮ አማርኛ «መደራጀት» ይለዋል።

የቢሮ አማርኛ መውረድን አይወድም። ሹም ሲሻር «ከኃላፊነት ተነሳ» ይባላል። ተቀምጦ ነበር፣ ተነሳ፤ ምን ነውር አለው? በሰበታ ዙሪያ መሬቱ ለፋብሪካ የተወሰደበት ገበሬም «የልማት ተነሺ» ነው። ሹሙና ገበሬው በአንድ ግስ ይነሳሉ። ሹሙን ብዙ ጊዜ ሌላ ወንበር ይጠብቀዋል፤ ገበሬው ካሳውን ይዞ የት እንደሚቀመጥ ግሱ አይናገርም።

ካሳም የሌለው ተነሺ አለ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች ጉዳይ የመረመረው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ መብቶች መጣሳቸውን በሪፖርቱ ገልጿል። አስተዳደሩ በበኩሉ ቤቶቹን «ሕገ ወጥ ግንባታ» ብሏቸዋል። ግንባታው ስም አግኝቷል፤ በውስጡ ያደረው ሰው ወራጅ ይሁን ተነሺ ገና አልተወሰነም።