መቆም የማትወድ

ሞተር ሳይክል ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ትሄዳለች?» እዚህ ቦሎኛ ያለው ሐበሻም ይህንኑ ይጠይቃል፣ ጣሊያኑም ይህንኑ ይጠይቃል። እናቴም ከአዲስ አበባ ደውላ ጠይቃኛለች፤ እሷ እንኳ ቁጥሩን ሰምታ «ወይኔ ልጄን!» ለማለት ያህል ነው። «እንዴት ትቆማለች?» ያለኝ ግን እስካሁን የለም። የባለሞተር ኑሮ፣ በተለይ ባለሞተሩ ሐበሻ ከሆነ፣ የሚወሰነው በዚህኛው ጥያቄ ነው።

የኔይቱ ዱካቲ 916 ናት፤ ቀይ። በፈረንጆቹ 1994 ብቅ ባለችበት ዓመት እንግሊዛዊው ካርል ፎጋርቲ የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮን ሆነባት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ደገመው። ዛሬ ዕድሜዋ ከ30 ስላለፈ፣ በጣሊያን ሕግ ከመደበኛው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ግብር ነፃ ወጥታለች። እኔ 30 ሲሞላኝ ግብሩ ገና መጀመሩ ነበር። በቤታችን ውስጥ ባረጀች ቁጥር የምትወደደው እሷ ብቻ ናት።

ንድፏን ያወጣው ማሲሞ ታምቡሪኒ የሪሚኒ ልጅ ነው። ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ቢሞታ የተባለውን ድርጅት በ1966 ሲያቋቁም ሥራቸው የማሞቂያና የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ መዘርጋት ነበር። በ1972 በሚሳኖ የውድድር ሜዳ በሆንዳው ወድቆ ጎድኑ ተሰበረ። ሌላው ሰው ቢሆን ስለት ተስሎ ሞተር ይተው ነበር፤ እሱ ግን የሆንዳውን ሞተር የሚሸከም የራሱን ሻሲ ሠራና ቱቦውን ተወ። ተወ ስል ሙሉ በሙሉ አይደለም። የ916ን ሁለት ማርሚታዎች ከመቀመጫው ሥር ጎን ለጎን ሰድሯቸዋል። ለዓይን እንደሱ የሚያምር የለም፤ በሐምሌ ቀትር ቀይ መብራት ላይ የቆመ ሰው ግን የማሞቂያ ሙያ ከደም እንደማይወጣ ይረዳል።

«ማን ቁም አለህ?» ነው የምትለኝ። ሁለመናዋ የታሰበው ለሚሄድ ሰው ነው። መሪዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ደረትህን በነዳጅ ሰልባትዮው ላይ ዘርግተህ፣ ክብደትህን በሁለቱ የእጅ አንጓህ ላይ ጥለህ፣ ስግደት ላይ እንዳለ ምእመን ሆነህ ነው የምትነዳት። ፍጥነት ስትጨምር ነፋሱ ደረትህን ደገፍ ያደርግልህና አንጓህ ያርፋል፤ ዝግ ስትል ሸክሙ ይመለሳል። ስፖኪዮዋ የሚያሳይህ የራስህን ክርን ነው፤ ከኋላህ ያለው ነገር አያገባህም። ፍሪሲዮኗ ዘይት የማይነካው ደረቅ ፍሪሲዮን ስለሆነ፣ ቆመህ ስትይዘው ይንኳኳል። ፎቅ ያሉት ሲኞራ መስኮት ከፍተው ብሎን እየረገፈብኝ መሆኑን በደግነት ይነግሩኛል።

ቦሎኛ በ2024 በአብዛኛው የከተማው መንገድ ላይ የፍጥነቱን ገደብ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስታደርግ አንጓዬ አስቀድሞ አለቀሰ። የኔይቱ በአንደኛ ማርሽ ብቻ ወደ 100 ትጠጋለች። በ30 ስትሄድ ትንገጫገጫለች፤ ፍሪሲዮን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ፣ መልሼ እይዛለሁ። በብስክሌት ከገበያ የሚመለሱ ባልቴቶች ሰላም ብለውኝ ይቀድሙኛል።

የሁሉም ቁንጮ ግን የጎን እግሯ ነው። የሞተር ሳይክል እግር እንደተዘረጋ ከተነዳ፣ ወደ ግራ ሲታጠፉ አስፋልቱን ይነካና ይጥላል። ይህ እንዳይሆን ለ916 እግር ስፕሪንግ ተበጀለት፤ ክብደቷ ከላዩ በተነሣ ቅጽበት ሳይነግርህ ታጥፎ ይገባል። ለተወዳዳሪ ሰው ግሩም ሐሳብ ነው። ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ብረት ተደግፎበት ሳለ፣ ከጀርባው «አንተ! ጠፋህ እኮ!» ብሎ በትከሻ የሚገጭ ወዳጅ ያለው ሰው ግን አልታሰበበትም።

የትከሻውስ ይቻላል። ፈተናው ታላቅ ሰው ሲመጣ ነው። እዚህ ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት አሉን፤ ከሩቅ ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ መንገዱ ዳር ይወጣሉ። እሳቸውን ተቀምጦ መጠበቅ ነውር ነው። ለመነሣት መውረድ አለብኝ፤ ለመውረድ እግሯን መዘርጋት አለብኝ፤ እግሯን በትክክል ለመትከል ጎንበስ እላለሁ። ጋሼ ለሳቸው እጅ የነሣሁ ይመስላቸውና «በእግዚአብሔር! አትነሣ!» ይላሉ። ታዝዤ ቀና ስል ሞተሯም አብራኝ ቀና ትላለች፤ እግሩ ጠፍ ብሎ ይገባል። እንደገና ጎንበስ እላለሁ። በአክብሮቴ ልባቸው ይነካና ምርቃቱን ይጀምራሉ። ምርቃት መሐል ደግሞ ሞተር አይነሣም።

አንድ ቀን ምርቃቱን ጨርሰው ትግሌን አስተዋሉ።

«አክሱም ላይ 24 ሜትር ድንጋይ ያቆመ ሕዝብ ልጅ ሆነህ፣ ይቺን ማቆም አቃተህ?»

«ጋሼ፣ እሱንስ ቢሆን አንዴ ጣሊያን ከነካው በኋላ መልሶ ለማቆም ስንት ዓመት ፈጀ? በ1937 ሄዶ በ2005 መጣ፤ የቆመው በ2008 አይደል?»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉና እንደገና መረቁኝ፤ በዚህኛው ትዕግሥት እንዲሰጠኝ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ዘመድ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። በፒያኖሮ፣ በሎያኖና በሞንጊዶሮ አድርጎ ወደ ራቲኮዛና ወደ ፉታ የሚወጣው የአፔኒን መንገድ፣ ጥንት የሚሌ ሚልያ መኪናዎች የተሽቀዳደሙበት ነው። ኩርባው ሲጀምር የከተማው ግትርነቷ ሁሉ ይገባሃል። ያቺ በከተማው መንገድ ላይ መዞር ያቃታት ሞተር፣ ገና በዓይንህ ወዳየኸው ቦታ ጋደል ብላ ትገባለች። አንጓህ ያርፋል፣ ማሞቂያውም ለተራራው ብርድ ልክ ይመጣል። ሁለቱ ሲሊንደሮች ከሥርህ ሲያጓሩ እናትህ የጠየቀችህን ቁጥር ልትነግራት ይቃጣሃል፤ ግን አትነግራትም።

ራቲኮዛ 968 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ የሞተረኞች ቡና ቤት አለ። ባለሞተሮቹ ሄልሜታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ባንኮኒው ጋ ይቆማሉ፤ ያቺን ትንሽ ስኒ በአንድ ጉንጭ ጭልጥ አድርገው ይወጣሉ። የሞተሬ ጠባይ የተገለጠልኝ እዚያ ነው። ይህችን ነገር ያሰበው ቡናው በአንድ ጉንጭ የሚያልቅ ሕዝብ ነው። እኔ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ካልተጨረሰ ቡና ጠጣሁ የማልል ሰው ነኝ። በረካ ሳይደርስ መነሣት ለሷ ጤና፣ ለኔ ነውር ነው። ከሷ ጋር ያለኝ ጠብ ይኸው ነው፤ ስለ ፍጥነት ተጣልተን አናውቅም።

ሳታጉረመርም የምትቆምበት አንድ ስፍራ ቢኖር ጋራዥ ነው። በሌላው ሞተር ቫልቭ የሚዘጋው በስፕሪንግ ነው። ፋቢዮ ታልዮኒ ግን በ1956 ለዱካቲ የውድድር ሞተር ዴስሞ የተባለውን አሠራር አመጣ፤ ቫልቩን አንድ ክንድ ይከፍተዋል፣ ሌላ ክንድ ይዘጋዋል። የኔይቱ 8 ቫልቮች ስላሏት መካኒኩ 16 ክፍተቶችን ለክቶ ነው የሚያስከፍለኝ። ቺንጋዎቿም በየ2 ዓመቱ ይቀየራሉ፤ ብትነዳትም ባትነዳትም። መቆምን በዚህም ትቀጣለች። ከቫልቩ ላይ ያነሡትን ስፕሪንግ ወስደው የጎን እግሩ ላይ የገጠሙት ይመስለኛል።

«ደሞ ሰው የማይጫንባት!» ትላለች እናቴ፣ ባለ አንድ መቀመጫ መሆኗን ከሰማች ወዲህ። ይህን እንኳ አልማርርም። «እግረ መንገድህን አድርሰኝ» የሚለኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ሞተር ያማራቸው ወጣቶች እየመጡ ምክር ይጠይቁኛል። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ፣ የ16ቱ ክፍተት ልኬት ደረሰኝ ይኑረው፣ ሻሲው እንዳልተመታ በደንብ እይ እላቸዋለሁ። ከዚያ ዋናውን እጠይቃለሁ፤ «በከተማው ስንት ዘመድ አለህ?» ከማኅበርም ከዕድርም የሌለበት፣ ሰላምታ የማያውቅ ሰው 916 ይግዛ፤ ይኖርባታል። ዘመድ የበዛበት ግን ቬስፓ ይግዛ። ቬስፓ መሐሏ ላይ በሁለት እግር ጸንታ ትቆማለች፣ ሰው ትጭናለች፣ ምርቃትም ታስጨርሳለች።