ቅድስና በጄሪካን

የዘንድሮ ሰው ቅድስናን በጄሪካን ነው የሚያመላልሰው። ቅዳሜ ሌሊት አውቶቡስ ተኮናትሮ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቢጫ ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ እሑድ ማታ ጉልበቱ ዝሎ ይመለሳል፤ ሰኞ ጠዋት ያንኑ ጎረቤቱን ያንኑ ስድብ ይሰድበዋል። ጠበሉን አልነቅፍም፣ አፌን ቁርጥ ያድርገው! እኔም ወገቤ ሲይዘኝ እሄዳለሁ። የሚገርመኝ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው በረከት የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ሲደርስ ምን እንደሚውጠው ነው።

ትእዛዙ እኮ ተደብቆ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 19 ላይ ግለጡት። እግዚአብሔር ሙሴን፣ እኔ ቅዱስ እንደ ሆንሁ ሁላቸውም ይቀደሱ ብለህ ንገራቸው ይለዋል። ለካህናቱ ብቻ አይደለም፤ ለእረኛውም ለነጋዴውም ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ቀጥሎ ስለ ዋሻና ስለ ሰንሰለት የሚወራ ይመስለዋል። ምን ይከተላል መሰላችሁ? እናትና አባትን ማክበር፣ የእርሻን ዳር ለድኻ መተው፣ የሠራተኛን ደመወዝ አለማሳደር፣ ደንቆሮውን አለመሳደብ፣ ዕውሩ ፊት መሰናክል አለማኖር። መሥዋዕቱና ሰንበቱም አለበት፤ ግን አብዛኛው ገበያና ጓዳ፣ ጎረቤትና እንግዳ ነው። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ ይህንኑ አንሥቶ በኑሮ ሁሉ አለ እንጂ በጉዞ ቀን አላለም። ሩት እንኳ የዳዊት ቅድመ አያት ለመሆን የበቃችው ከቦዔዝ እርሻ ቃርሚያ ስትለቅም ተገኝታ ነው። ዛሬ ቢሆን ቦዔዝ ዳሩን በቆርቆሮ አጥሮ ለመኪና ማቆሚያ ያከራየው ነበር።

ከምዕራፉ 37 ቁጥሮች እኔ አጥብቄ የያዝሁት 32ኛውን ነው፤ ሽበት ላለው ተነሡ የሚለውን። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ወጣቱን ሁሉ ድንገት እንቅልፍ ይጥለዋል። አሁን መውጫው ላይ ሒሳብ ሲከራከር የነበረው ሳይቀር ያንኮራፋል። ያልተኛው ደግሞ ጆሮው ውስጥ ገመድ የሌለው ነገር ሰክቶ መዝሙር ያዳምጣል። መዝሙር መሆኑን ያወቅሁት እኔም ድረስ ስለሚሰማ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ ተመስጦ ነው አሉ። እኔ ትርፍ ተጭኜ፣ ጣሪያው አንገቴን ሰብሮት፣ ፊቱ ጎንበስ ብዬ ቆሜአለሁ፤ ያየኝ ሰው ለልጁ የምሰግድ እንዳይመስለው እሳቀቃለሁ። በዚህ ላይ ረዳቱ «አባባ፣ ጠጋ በሉልን!» ይለኛል። ወዴት ልጠጋ? ወደ አብርሃም ዕቅፍ?

ባለቤቴ ይህን ብሶት በሰማች ቁጥር «16ኛውንስ ለምን ዘለልከው?» ትለኛለች። ወሬ እያመላለሱ መዞርን የሚከለክለው ነው። እኔ ምን ላድርግ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ደቃቅ ፊደል አይታየኝም። ደግሞስ እኔ የማወራው ሰው እንዲታረም ብዬ ነው። ሐሜት እሷና ጎረቤቶቿ ቡና ላይ የሚያደርጉት ነው።

ሚዛኑንማ ተዉት። ኦሪቱ የደረቁንም የፈሳሹንም መስፈሪያ ለይቶ፣ አታጭበርብሩ ብሎ ነው ያዘዘው። እኛ በጾም የሚያህለን የለም፤ ሰባት አጽዋማት አሉን፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ለፋሲካ የገዛሁት ቅቤ ግን ሙዙ ከመብዛቱ የተነሣ በሁዳዴ ቢበላ እንኳ የሚያስገድፍ አልመሰለኝም። ሻጩ ደግሞ ጿሚ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ እንኳ አይቀምስም። አፉ ውስጥ ቅቤ አላስገባም፤ ቅቤው ውስጥም ቅቤ አላስገባም።

አሮን መጠምጠሚያው ላይ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ መሆኑን የሚናገር የወርቅ ጽሑፍ ያስር ነበር፤ በዘጸአት 28 አለ። ነቢዩ ዘካርያስ በመጨረሻው ምዕራፍ ምን እንደሚል ግን ልብ የሚለው የለም። ያ ጽሑፍ አንድ ቀን የፈረስ ቃጭል ላይ ይጻፋል፣ በኢየሩሳሌምና በይሁዳ ያለ ድስት ሁሉ ይቀደሳል ይላል። አስቡት እንግዲህ፤ ከሊቀ ካህናቱ ግንባር ወርዶ ፈረስ አንገት ላይ! ከዚያም ማጀት! እኛ የጽሑፉን ነገር ፈጥነን ፈጽመነዋል፤ ባጃጁን ከፊት በጥቅስ ከኋላ በሥዕል ሸፍነነዋል። የቀረን ሹፌሩ ነው። ያ ጥቅስ ለባሽ ባጃጅ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ነው የሚያባርረኝ፤ ከእሱ ሸሽቼ ጥግ ስይዝ የአሸዋ ክምር ያደናቅፈኛል። እኔስ አየሁት፤ በበትሩ እየዳበሰ የሚሄደው ሰውስ?

አሸዋው የጎረቤቴ ነው። ፎቅ እየሠራ ነው፣ ይባርክለት። መሠረቱ ሲጣል ካህን ጠርቶ ጸሎት አስደርሷል፣ ድንኳን ተክሎ አብልቶናል፤ ደግ አደረገ። የቀን ሠራተኞቹ ግን ማታ ማታ በሩ ላይ ተኮልኩለው «ነገ ኑ» ይባላሉ። ነገ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ነገ ይሰጣቸዋል። ዘዳግም ፀሐይ ሳትገባ ክፈል ይላል፣ ይህ ሰው የምን ያህል ቀን ፀሐይ እንዳስገባባቸው እሱና እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ያዕቆብ በመልእክቱ ያልተከፈለ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ብሏል። የእኛ ሰውዬ በረንዳው ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ከንጋት ጀምሮ መዝሙር ስለሚያሰማ እንኳን የደመወዝ፣ የእኔ ጩኸትም አይሰማውም።

አንድ ማታ በሩ ድረስ ሄጄ «ልጄ፣ እነዚህን ሰዎች ሸኛቸው እንጂ» አልሁት። እጄን ስሞ፣ «አባባ፣ ገንዘቡ ለሚካኤል ዝክር ወጥቶብኝ እኮ ነው። እርስዎም እንዳይቀሩብኝ» አለኝ።

እሄዳለሁ። ከሠራተኞቹ አንዱን ይዤ ነው የምሄደው፣ ከጎኔ አስቀምጠዋለሁ። «አባባ፣ እንግዳው ማነው?» ሲለኝ «አበዳሪህ ነው፤ ጠላውን ቶሎ ቅዳለት» እለዋለሁ።