ፒካፕ ያለው ሰው ብቻውን አይሄድም

ገንዳ ውኃ ላይ «መኪና ልገዛ ነው» ያለ ሰው መካሪ አያጣም። ከሰሊጥ ሽያጭ የተረፈችኝ ገንዘብ ገና ከባንክ ሳትወጣ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ለናፍጣው ዝግ ቫን፣ ግማሹ ለባለ ፎር ዊሉ ፒካፕ። የቫኑ ደጋፊ ባለቤቴ ብቻ ናት። ግን እሷ የቆመችበት ወገን ምንጊዜም ከግማሽ አያንስም።

ሥራዬ የታወቀ ነው። ከጎንደር ሳሙና፣ ብስኩት፣ ፓስታና የፕላስቲክ ጫማ እያመጣሁ ለመተማ ዮሐንስ፣ ለኮኪትና ለሽንፋ ሱቆች አከፋፍላለሁ። መኸር ሲደርስ ደግሞ ሰሊጥ አለ። እስካሁን የሰው አይሱዙ ላይ እየደረብኩ ነው የኖርኩት፤ ጭነቱ የእኔ፣ ሰዓቱ የሾፌሩ።

ከመካሪዎቼ ሁሉ ቁም ነገር የነገረኝ ሜካኒኩ ነው። ጭንቅላቱን ከኮፈኑ ሥር ሳያወጣ «አያ፣ ሁለቱ እኮ ወንድማማች ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ቫኑ ሃይኤስ በፈረንጆቹ 1967፣ ፒካፑ ሃይሉክስ በ1968 ከአንድ ቤት፣ ከቶዮታ የወጡ ናቸው። አሮጌዎቹ 5ኤል የሚባለውን ባለ ሦስት ሊትር የናፍጣ ሞተር ይጋራሉ፤ እናም ጎረቤትህ ቆሞ የቀረ መኪና ካለው፣ አንተ መለዋወጫ አለህ ማለት ነው። የሚጭኑትም አንድ አንድ ቶን ገደማ ነው። ያ በመጽሐፉ ነው እንግዲህ፤ ከአይከል ወዲህ መጽሐፉን ያነበበ ሾፌር አላየሁም።

ልዩነቱ የሚመጣው ጭነቱ ላይ ነው። ሰሊጥ ከባድ ነው፣ ቦታ አይፈጅም። አሥር ኩንታሉን ስፖንዳው ውስጥ ደርድረህ፣ ሸራ ወርውረህ፣ ገመዱን ጠፍረህ ወደ መጋዘን መንዳት ነው። ብስኩት ግን አየር ነው። ሁለት ኩንታል የማይሞላ ብስኩት ፒካፕ ላይ ሲከመር የመብራት ሽቦ ሊነካ ይደርሳል፤ ቫኑ ዋጥ ያደርገውና በሩን ይዘጋል። አቧራ የለ፣ ዝናብ የለ፣ እጁ የሚረዝም መንገደኛ የለ። እዚህ ላይ ባለቤቴ አሸነፈች።

ሙቀቱ ላይ ተሸነፈች። የቫኑ ሞተር ያለው ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ነው። ጎንደር ላይ ይህ ጸጋ ነው፤ በሐምሌ ብርድ መቀመጫ የሚያሞቅልህ ማን አለ? ከጭልጋ ቁልቁል ወርደህ፣ ነጋዴ ባሕርን አልፈህ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነችው መተማ ዮሐንስ ስትጠጋ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሚያዝያ ላይ ከውጭ ከ40 ዲግሪ ያለፈ ፀሐይ፣ ከሥር ደግሞ የሚንተከተክ ሞተር፤ ሾፌሩ በምጣድና በአክንባሎ መካከል የገባ እንጀራ ነው።

ሰኔ ሲገባ ደግሞ ሌላ ክርክር ይጀመራል። አስፋልቱ ላይ እስካለህ ድረስ ሁሉም መኪና መኪና ነው። ወደ ሽንፋ፣ ከዚያም ወደ ቋራዋ ገለጉ ስትታጠፍ ዋልካው ይጠብቅሃል። ዋልካ በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያለው ደረቅ መሬት ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ሙጫ ይሆናል። ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ፓራፋንጎው ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ረዳቱ በዱላ ሲፍቀው ዱላው ላይ ይቀራል። የድሮው ሃይሉክስ የፊት ጎማዎቹ ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለው፤ ፎር ዊሉ እንዲይዝ ወርደህ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክከህ፣ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ ታዞራለህ። ስትነሳ ከመኪናው የበለጠ ጭቃ የተሸከምከው አንተ ነህ። ቢሆንም ይወጣል፤ ቫኑ በዚያ ሰዓት ጠዋት የቆመበት ነው። ፒካፑም እምቢ ያለ ዕለት ትራክተር ይጠራል። የትራክተሩ ሾፌር ቀስ ብሎ መኪናውን ይዞረውና «ፎር ዊል አይደል እንዴ?» ይላል። ይህን ካለ ዋጋው ጨምሯል ማለት ነው።

ስለ ጭነት ካነሳን የቋራውን ሰው ማለፍ ነውር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መኪና አላማረጡም፤ መንገዱን እያስጠረጉና እያስደለደሉ በሰው ጉልበት አስወሰዱት። እኔ ሠራዊት የለኝም። ያለኝ አንድ ረዳት ነው፤ እሱም ወገቡን ያመዋል።

አዲስ ግዛ የሚሉኝም አልጠፉ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በስተቀር አውቶሞቢል አይገባም አለ። ስለዚህ የእኔ ምርጫ በአሮጌና በአሮጌ መካከል ሆነ፤ የአሮጌው ዋጋ ደግሞ በየሳምንቱ ወጣት እየሆነ ሄደ። ኤሌክትሪክ ግዛ ያለኝ ሰው ነበር። መብራት በመጣ ቁጥር እልል የምንል ሰዎች መሆናችንን አላወቀም።

የፒካፕ ዋናው ጣጣው ግን ጭቃ አይደለም፤ ክፍት መሆኑ ነው። ስፖንዳን ባዶ አድርጎ ማለፍ እዚህ አገር ሰው መናቅ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ መንገድ ዳር እጁን ያወጣል፤ ቆመህ «እስከ ኮኪት ብቻ» ስትል ከዛፍ ጥላ ሥር ሌሎች አሥር ይነሳሉ። ምጥ የያዛት ሴት ሌሊት ትመጣለች፤ እሷንስ ማን እምቢ ይላል? ሙሽራ ጋቢናውን ይይዛል፣ ሚዜዎቹ ከኋላ ሲጨፍሩ የስፖንዳው ማጠፊያ ይገነጠላል። ያልጫንክ ቀን ደግሞ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ ባዶህን ነው የምትሄድ?» ይሉሃል፤ መጠየቃቸው ሳይሆን መታዘባቸው ነው። ሃይሉክስ ያለው አንድ ወዳጄን በገዛ መኪናው ከኋላ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ጋቢናውን ለቄሱና ለአንዲት ነፍሰ ጡር ለቆ፣ መሪውን ለረዳቱ ሰጥቶ፣ አቧራውን ለራሱ ያስቀረ ደግ ሰው ነው።

በዚያ ላይ ዘመኑ ከፋ። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ የእኛው ክልል ከታመሰ ወዲህ ጠመንጃ ያነገበ ሰው በዝቷል፤ ጠመንጃ ያነገበ ሰው ደግሞ ፒካፕ ይወዳል። የእኛ አገር ብቻም አይደለም። በ1979 ዓ.ም. ቻዶች የሊቢያን ጦር ከነታንኩ በቶዮታ ፒካፕ አሳደው፣ ጦርነቱ «የቶዮታ ጦርነት» ተብሎ ቀረ። በብስኩት ቫን የዘመተ ሠራዊት ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ቫኑስ ነፃ ነው? መስኮት የሌለው መኪና በድንበር አገር ምን እንደሚባል ገምቱ። ፒካፕ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚታይ ፈታሹ በዓይኑ ፈትሾ ይለቅሃል። ቫን ሲያይ ግን ጎኑን በመዳፉ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይጥላል፣ ከዚያ «ክፈት»። አንድ ኬላ ላይ የነጋዴ ጓደኛዬ ሳሙና ካርቶን በካርቶን ፀሐይ ላይ ወርዷል። የመጨረሻው፣ ከሾፌሩ ጀርባ የተወተፈው ካርቶን ሲከፈት ፈታሹ አንዱን አንስቶ አሸተተና ቅር ባለው ድምፅ «ሳሙና ነው እንዴ?» አለ። ሳሙናው ተመልሶ እስኪጫን ጀንበር ዘቀዘቀች።

ይህን ሁሉ መዝነን ባለቤቴና እኔ ቫኑን ለመግዛት ቆረጥን። ሊብሬው ታየ፣ ቦሎው ታየ፣ ደላላው ሦስት ጊዜ ማለ። ሰው ለመጫን የማይመች መኪና በማግኘታችን በልባችን ደስ ብሎን ነበር፤ ማን ጨለማ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጦ እስከ ሽንፋ ይሄዳል?

ወሬው በማግሥቱ ለእድራችን ዳኛ ደረሳቸው። ከዘራቸውን እየመቱ እቤት ድረስ መጡ። ቡና ቀረበላቸው፣ ሁለተኛውን ጠጡ፣ መረቁን፤ ከዚያ፣

«የሰማሁት እውነት ነው ልጄ? ዝጉን ነው የምትገዛው?»

«አዎ አባባ።»

«እሰይ! እግዜር ይስጥህ። እድራችን እኮ ለአስከሬን መኪና አጥቶ በትራክተር ተሳቢ ስንሸኝ ነው የኖርነው። ወደ ደጋ የሚላክም አለ፤ ሰው ልጁን ላገሩ አፈር ያብቃልኝ ይላል። ዝግ ሲሆን ለቤተሰብም ክብር ነው።» ሦስተኛውን በረካ ጠጥተው፣ ደግመው መርቀውን ሄዱ።

ባለቤቴ ሲኒዎቹን እየሰበሰበች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ «ፒካፑን ግዛ» አለችኝ።

«ምነው? አንቺ አይደለሽ እንዴ…»

«ከፒካፕ ላይ የሚወርድ ሰው ቢያንስ እግዜር ይስጥልኝ ይላል።»