ይሰፋ፣ ይቋጠር ወይስ ጆይን?

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ሽቅብ ስንወጣ ጓደኛዬ መኪናውን አስቁሞ ቁልቁል እያየ፣ «አባያና ጫሞ ጆይን ያደረጉበት ያ ነው?» አለኝ። ሐይቆቹ እዚያ ጋ አልተገናኙም፤ በመሃላቸው የገባችው የምድር ሸንተረር ለያየቻቸው እንጂ። የተያያዘው የብሱ ነው፤ «የእግዜር ድልድይ» የተባለውም ለዚሁ ነው። ጓደኛዬ ግን ከአዲስ አበባ የወጣው አንድ ግስ ይዞ ስለሆነ ውሃውንም የብሱንም በሱው ጨረሰው።

ዘንድሮ ቴሌግራም ላይ ጆይን ነው፤ ስብሰባም ጆይን፣ ምሳም ጆይን። ሥራ የተቀጠረ ሰው እንኳ «ገባሁ» ማለት ትቶ «ጆይን አደረግኩ» ይላል። የሚገርመኝ ማገናኘት ሙያዬ ነው የሚለው ይህ ግስ አማርኛ ውስጥ ብቻውን መግባት አቅቶት «አድርግ»ን ተመርኩዞ መሄዱ ነው። የእኛው «ገጠመ» በር ይገጥማል፣ ግጥም ይገጥማል፣ ጠላትም ይገጥማል፤ ምርኩዝ ሲይዝ አላየሁትም።

ዶርዜ ደርሰን ከቤቶቹ ሥር ቆምን። ዝሆን የመሰለው የዶርዜ ቤት እንደ ቅርጫት ከቀርከሃ የተጎነጎነ ነው፤ ምስጥ ከግርጌው ሲበላው እያጠረ ያረጃል። ጓደኛዬ ቤቱን ፎቶ አንስቶ ሲያበቃ በቀጥታ ወደ አንድ ሸማኔ ሄደ። ሽማግሌው እግራቸውን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከተው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ይልካሉ። አማርኛቸው የሽሮ ሜዳ ነው፤ ብዙ ዓመት እዚያ ሸምነዋል።

«አባባ፣ የዚያን ነጠላ ጥለት ከዚህኛው ጋር ጆይን አድርገው ይስጡኝ» አለ።

መወርወሪያው ቆመ።

«ምን ላድርገው ልጄ? ልስፋው?»

«አይ፣ እንዲሁ ጆይን...»

«ልቋጥረው? ልቀጥለው?»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ወደ ሰማይ አየሁ፤ ጉም ነበር።

ሽማግሌው ግን ጉዳዩን ከምር ያዙት። የተበጠሰ ክር ይቋጠራል፤ ያለቀ ድር በአዲስ ይቀጠላል፤ ድርብ ይሰፋል። ነጠላ የሚባለው ራሱ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት («ነጠላ» የሚለውን ስም ያወጣው ሰው መቁጠር አይወድም ነበር መሰለኝ)። የነጠላ ጥለት ግን ከነጠላው ጋር አብሮ ይሸመናል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዘልም። ሸማኔ መቋጠሩን፣ መቀጠሉንና መስፋቱን የማይለይ ቢሆን ኖሮ ጋቢው በመጀመሪያው እጥበት ይበታተን ነበር።

ይሰፋ ወይስ ይቋጠር ብለው ሳይጠይቁ ቋንቋ ያጋጠሙ ሹማምንት እዚሁ አካባቢ ነበሩ። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ከእያንዳንዱ ስም ጫፍ ጫፉን ቆርጠው «ወጋጎዳ» የሚል የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ሠሩ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዘመድ ሁሉ ግን አንድ ሱሪ አይለብስም። ወጋጎዳን በእናቱ አፍ የሰማ ልጅ አንድም አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ይህኛው አያስቅም። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ አራቱንም በአንድ ላይ ያቀፈው የሰሜን ኦሞ ዞንም ተከፋፈለ። ወላይታና ዳውሮ የየራሳቸውን ዞን ሲይዙ ጋሞና ጎፋ አንድ ላይ ቀሩ፤ ኋላ እነሱም ተለያዩ።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ጥለቱንም ነጠላውንም ትቶ አንድ ጋቢ መረጠ። እኔም ሌላ አነሣሁ። ዋጋ ተከራከርን፤ ማለትም እሱ ተከራከረ፣ ሽማግሌው ዝም አሉ፣ ዋጋውም ከነበረበት ንቅንቅ ሳይል ተስማማን። ስልኬን አውጥቼ ልከፍል ስል እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ» አሉ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ሳይታይ። «ሒሳቡ ለየብቻ ነው ወይስ ጆይን?»